የደም ሥር ካቴተር አመጣጥና ዕድገት፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

የጤና ባለሙያ በየዕለቱ በእጁ ከሚይዛቸው መሣሪያዎች መካከል እንደ ካቴተር የተለመደ፣ የዚያኑ ያህልም ታሪኩ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ጥቂት ነው። ከወሊድ በኋላ ደም በሚፈሳት እናት ክንድ ላይ የሚተከለው አጭር የፕላስቲክ ካኑላም ሆነ ከብሽሽት ተነሥቶ እስከ ልብ የሚዘልቀው ረጅም ቱቦ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። «ካቴተር» የሚለው ስም «ወደ ታች መስደድ» የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያመለክተው ሽንቱ ለተዘጋበት ሕመምተኛ የሚገባውን ቱቦ ብቻ ነበር። ወደ ደም ሥር የተሻገረው እጅግ ዘግይቶ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፈልሳፊዎችን ስም መደርደር ሳይሆን፣ ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ቱቦ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ማሳየት ነው። የደም ሥር ካቴተርን ቅርጽ የወሰኑት አራት ጥያቄዎች ናቸው። ቱቦው ብዙ ጉዳት ሳያደርስ እንዴት ይግባ? ከገባ በኋላ ወደታሰበው ስፍራ እንዴት ይመራ? ሲደርስስ ምን ይሥራ? አራተኛውና እስከ ዛሬ በሙሉ ያልተመለሰው ደግሞ፣ ለማን ይድረስ? የሚለው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡትን መልሶች መረዳት ለታሪክ ወዳዶች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የመሣሪያው ጥቅምም ሆነ አደጋ የሚመነጨው ከአሠራሩ ነውና። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈረስ ልብ ወደ ሰው ልብ

በሕያው አካል የደም ሥር ውስጥ ቱቦ በማስገባት የደምን ግፊት በመለካት ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነው። ሄልስ በ1733 ባሳተመው ሥራው እንደገለጸው፣ በአንዲት ፈረስ የእግር ደም ቅዳ ውስጥ የናስ ቱቦ አስገብቶ ከረጅም የብርጭቆ ቱቦ ጋር ሲያገናኘው ደሙ ከልቧ ከፍታ በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሜትር ያህል ወጣ። ይሁንና ናስና ብርጭቆ የማይታጠፉ በመሆናቸው እንስሳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መገጣጠሚያው ይናጋ ነበር። ስለሆነም ሄልስ በተከታዩ ሙከራ በሁለቱ መካከል የዝይ መተንፈሻ ቱቦ አስገባ። በካቴተር አሠራር ታሪክ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ሕያው አካል የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ወደ ውስጡ የሚገባው ነገርም አብሮት መታጠፍ አለበት።

በ1844 ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር በቀኝና በግራ የልብ ክፍሎች ያለውን የደም ሙቀት ለማነጻጸር በፈረስ አንገት ደም ሥሮች በኩል የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮችን እስከ ልብ አዘለቀ። በ1860ዎቹ መጀመሪያም ሾቮና ማሬ የተባሉ የአገሩ ልጆች በፈረስ ልብ ክፍሎች ውስጥ ያለውን ግፊት በአንድ ጊዜ መመዝገብ ቻሉ። በዚህም ቱቦ እስከ ልብ ቢገባ እንስሳው ወዲያው እንደማይሞት ተረጋገጠ። ሆኖም የፈረስ ደም ሥር ሰፊ ነው፤ ለፈረስ የተሠራው ግትር ቱቦ ለሰው የሚሆን አልነበረም።

በዚሁ ዘመን ለኋለኛው ሥራ መሠረት የሆኑ ሁለት ነገሮች ከሌላ አቅጣጫ መጡ። አንደኛው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ያገኘው፣ ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከር ዘዴ ነው። በዚህም ሳይሰበር የሚታጠፍ፣ ሙቀትም የማያቀልጠው ቱቦ መሥራት ተቻለ። ሁለተኛው በፓሪስ የሕክምና መሣሪያዎችን ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ሻሪየር ያወጣው የውፍረት መለኪያ ነው። እስከ ዛሬ በካቴተር ማሸጊያ ላይ የምናነበው «ፍሬንች» የተባለው ቁጥር የእርሱ ነው፤ አንድ ፍሬንች የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ስለሆነ፣ ባለ 6 ፍሬንች ቱቦ የውጭ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው።

ለሰው ልብ ወሳኙ እርምጃ የተወሰደው በ1929 በጀርመን አገር፣ በኤበርስቫልደ ከተማ ሆስፒታል ነው። በ1904 የተወለደው ወጣት ሐኪም ቬርነር ፎርስማን ያሳሰበው ጉዳይ ተግባራዊ ነበር። ልቡ ሊቆም ለተቃረበ ሕመምተኛ መድኃኒት በፍጥነት ለማድረስ በጊዜው የነበረው መንገድ ደረትን አልፎ ልብን በመርፌ መውጋት ሲሆን፣ ይህም የልብን ደም ሥር ሊቀድድ ወይም ሳንባን ሊበሳ ይችል ነበር። ፎርስማን በክንድ ደም መልስ በኩል ለስላሳ ቱቦ ቢገባ ተፈጥሮ ራሷ ባበጀችው መንገድ ልብ ዘንድ እንደሚደርስ አሰበ። አለቃው ግን ሙከራውን ከለከለው።

መሣሪያዎቹ ተቆልፈው የሚቀመጡት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሷ እጅ ስለነበር ፎርስማን አስቀድሞ እርሷን ማሳመን ነበረበት። ነርሷ ራሷን ለሙከራው አቀረበች። እርሱ ግን እርሷን ከጠረጴዛው ጋር አስሮ በራሱ ግራ ክንድ ላይ ቀዳዳ ከፈተና፣ ለሽንት አካላት ሕክምና የተሠራ ባለ 4 ፍሬንች ካቴተር 65 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገባ። ከዚያም በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ፣ ነርሷ በያዘችለት መስታወት እየተመለከተ የቱቦው ጫፍ ቀኙ የልብ ላይኛ ክፍል መድረሱን በፊልም አስነሣ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በየትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አያልፍም። ያም ሆኖ ፎርስማን ቱቦውን ሲጠቀምበት የደም ሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ አለመጉዳቱና ሕመም አለመሰማቱ ለቀጣዮቹ ሁሉ በር ከፈተ።

እርሱ ግን በጊዜው ያገኘው ከአድናቆት ይልቅ ወቀሳ ነበር፤ በመጨረሻም ወደ ሽንት አካላት ሕክምና ዞረ። ሐሳቡን ወደ ዘወትር ሕክምና ያመጡት በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል የነበሩት አንድሬ ኩርናንና ዲክንሰን ሪቻርድስ ናቸው። ከ1941 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች፣ ካቴተር በሰው ልብ ውስጥ ለሰዓታት ቢቆይም ጉዳት ሳያደርስ ግፊትንና የደም ኦክስጅንን መለካት እንደሚያስችል አሳዩ፤ በጦርነቱ ዘመንም ሾክ ውስጥ የገቡ ሕመምተኞችን መረመሩበት። ሦስቱም በ1956 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

እንዴት ይግባ?

እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ካቴተር ለማስገባት ሁለት መንገዶች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ቆዳን ቀዶ ደም ሥሩን በዓይን እያዩ መክፈት ነው። ሁለተኛው ሰፊ መርፌ ወግቶ ቱቦውን በመርፌው ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ለምሳሌ አሜሪካዊው ፒርስ በ1951 የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ብሽሽት ደም ቅዳ ያስገባው በዚህ ዘዴ ነበር። የሁለተኛው ዘዴ ችግር ግልጽ ነው። መርፌው ሁልጊዜ ከቱቦው መስፋት ስላለበት በደም ሥሩ ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ከቱቦው ይበልጣል፤ በዙሪያውም ደም ይፈሳል። ከዚህም በላይ፣ ቱቦው ወደ ኋላ ሲሳብ የመርፌው ስል ጫፍ ሊቆርጠውና ቁራጩ ከደም ጋር ሊሄድ ይችላል።

መፍትሔው የመጣው ከስቶክሆልም ካሮሊንስካ ሆስፒታል ነው። የራጅ ሐኪም የነበረው ስዌን ኢቫር ሴልዲንገር በ1953 ያቀረበው ዘዴ አዲስ መሣሪያ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ መርፌ፣ ሽቦና የፕላስቲክ ቱቦ አስቀድመው የነበሩ ናቸው። አዲሱ ነገር ቅደም ተከተሉ ነበር። በመጀመሪያ በቀጭን መርፌ ደም ሥሩን መውጋት፤ ቀጥሎ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ሽቦ በመርፌው ውስጥ ማስገባት፤ ሽቦውን በቦታው ትቶ መርፌውን ማውጣት፤ ካቴተሩን በሽቦው ላይ እያንሸራተቱ ማስገባት፤ በመጨረሻም ሽቦውን ማውጣት። በዚህ ዘዴ ቱቦው በመርፌው ውስጥ ማለፍ ስለሌለበት በመርፌው ውፍረት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳውንም ራሱ ይደፍነዋል።

ይህ ቅደም ተከተል ዛሬ ከራጅ ክፍል እጅግ ርቆ ሄዷል። የማዕከላዊ ደም መልስ ካቴተር፣ የኩላሊት እጥበት ቱቦ፣ ከደረት ውኃ የሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ፣ ሁሉም በሴልዲንገር መንገድ ይገባሉ። ከዚሁ አሠራር የሚመነጭ አንድ አደጋም አለ። ካቴተሩ ሲገባ የሽቦው ጫፍ ከካቴተሩ ኋላ ወጥቶ በእጅ ካልተያዘ ሽቦው ወደ ደም ሥር ውስጥ ሊገባና ሊጠፋ ይችላል። ሽቦውን ለአፍታም አለመልቀቅ የሚለው ምክር የዘዴው አካል እንጂ ተጨማሪ ጥንቃቄ አይደለም።

በዋርዶቻችን ዘወትር የምንጠቀምበት ካኑላ ደግሞ ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ ነው። በ1950 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ የማደንዘዣ ሕክምና ይማር የነበረው ዴቪድ ማሳና ባልደረቦቹ ቱቦውን በመርፌው ውስጥ ማድረጉን ትተው በመርፌው ላይ እንደ ሰገባ አለበሱት። ብረቱ ደም ሥሩን ይወጋል፤ ፕላስቲኩ ይቀራል፤ ብረቱ ይወጣል። ሕመምተኛው ክንዱን ቢያንቀሳቅስ ደም ሥሩን የሚበሳ ስለት በውስጡ የለም። ነገር ግን ከፊሉ የወጣውን መርፌ መልሶ ወደ ፕላስቲኩ መግፋት ፕላስቲኩን ሊቆርጥ ስለሚችል የተከለከለ ነው፤ ይህም ክልከላ የተወለደው ከቀደመው ዘዴ መጥፎ ልምድ ነው።

ከመግቢያው ጋር የተያያዘ ሌላ ነጥብ አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ በ1840ዎቹ እንዳሳየው፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ርዝመት ጋር በተቃራኒው፣ ከውስጥ ስፋቱ ጋር ደግሞ በአራተኛ ርቢ ይለዋወጣል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት በክንዷ ላይ የሚተከል አጭርና ሰፊ ካኑላ፣ ረጅምና ቀጭን ከሆነው የማዕከላዊ ደም መልስ ካቴተር የበለጠ ፈሳሽ በአጭር ጊዜ ያስገባል። እዚህ ላይ ሁለቱን የቁጥር ሥርዓቶች አለማምታታት ያስፈልጋል። የፍሬንች ቁጥር ሲጨምር ቱቦው ይሰፋል፤ የካኑላ ጌጅ ቁጥር ሲጨምር ግን ቱቦው ይጠባል። 14 ቁጥሩ ሰፊው፣ 22 ቁጥሩ ጠባቡ ነው።

እንዴት ይመራ?

ቱቦው ከገባ በኋላ ደም ሥር እንደ ወንዝ ብዙ ገባር ስላለው ጫፉን ወደተፈለገው ቅርንጫፍ ማዞር ቀላል አይደለም። ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ቅዳዎች በተለይ ለረጅም ጊዜ የተፈሩ ነበሩ። በራጅ ላይ የሚታየውን ፈሳሽ በቀጥታ ወደ እነርሱ ማስገባት ልብን ያቆማል ተብሎ ይታመን ነበር።

በ1958 ጥቅምት ወር ማብቂያ ላይ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ሜሰን ሶንስ የሩማቲክ የቫልቭ ሕመም ያለበትን የ26 ዓመት ወጣት ሲመረምር፣ በዋናው ደም ቅዳ ሥር የነበረው ካቴተር ሳይታሰብ ወደ ቀኙ የልብ ደም ቅዳ ገባ፤ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽም በዚያው ተረጨ። ልቡ ለጥቂት ሰከንዶች ቆመ። ሶንስ ወጣቱን እንዲያስል አዘዘው፤ ልቡም መምታት ጀመረ። ከአደጋው ሶንስ የወሰደው ትምህርት፣ መጠኑ አነስተኛ ከሆነ የልብ ደም ቅዳ ፈሳሹን ሊሸከም ይችላል የሚል ነበር። ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድና የሚታጠፍ ካቴተር አሠርቶ፣ በክንድ ደም ቅዳ በኩል እያስገባ ሁለቱንም የልብ ደም ቅዳዎች በራጅ ማሳየት ቻለ። የልብ ደም ቅዳ ቀዶ ሕክምናም ያለዚህ ምስል አይታሰብም ነበር።

የሶንስ ካቴተር ለሁሉም ደም ቅዳ አንድ ቅርጽ ስለነበረው አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የሐኪሙ እጅ ነበር። በ1967 ሜልቪን ጀድኪንስ ይህን ሸክም ከእጅ ወደ ቱቦው አዛወረው። ለግራው አንድ፣ ለቀኙ ሌላ ቅርጽ አበጅቶ፣ ፕላስቲኩ በሙቀት ታጥፎ ያንን ቅርጽ እንዲያስታውስ አደረገ። ካቴተሩ በሽቦ ላይ ቀጥ ብሎ ከብሽሽት ይገባል፤ ሽቦው ሲወጣ ወደ ተፈጥሮ ቅርጹ ይመለሳል፤ ጫፉም ደም ቅዳው አፍ ላይ ያርፋል። በዚህም ምክንያት ምርመራው ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ጥቂቶች ሥራ መሆኑ ቀርቶ በሥልጠና የሚተላለፍ ሙያ ሆነ።

እዚህ ላይ የካቴተር ሠሪዎችን ሁሉ ያስቸገረ ቅራኔ አለ። ከውጭ የሚዞረው እጅ ጫፉን እንዲያዞር ቱቦው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ደም ሥሩን እንዳይጎዳ ግን ለስላሳ መሆን አለበት። የተገኘው መፍትሔ ሁለቱን በአንድ ቱቦ ላይ ማከፋፈል ነው። በግንዱ ግድግዳ ውስጥ ቀጭን የብረት ሽቦ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ጫፉ ግን ያለ ሽቦ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በራጅ ላይ እንዲታይም ባሪየም ወይም ቢስመዝ ያለበት ውሕድ ከፕላስቲኩ ጋር ይቀላቀላል።

ኤች ጄ ሲ ስዋንና ዊልያም ጋንዝ ደግሞ በሎስ አንጀለስ ሌላ መንገድ መረጡ። በ1970 ያቀረቡት ካቴተር ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አለው፤ ፊኛው በደም መልስ ውስጥ ሲነፋ የደሙ ፍሰት ራሱ እንደ ጀልባ ሸራ እየገፋ በልብ ቀኝ በኩል አሳልፎ ሳንባ ያደርሰዋል። ስለዚህም ራጅ በሌለበት፣ በሕመምተኛው አልጋ ላይ ማስገባት ተቻለ።

ሲደርስ ምን ይሥራ?

እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ካቴተር በዋናነት የምርመራ መሣሪያ ነበር። ወደ ማከሚያ መሣሪያነት ካሸጋገሩት መካከል ቀዳሚው ቶማስ ፎጋርቲ ነው። ፎጋርቲ በሲንሲናቲ ተማሪ ሳለ በሆስፒታል ይሠራ ስለነበር በረጋ ደም እግራቸው የተዘጋባቸው ሕመምተኞች በረጅም ቀዶ ሕክምና ሲሠቃዩ፣ ብዙዎቹም እግራቸውን ወይም ሕይወታቸውን ሲያጡ ተመልክቷል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ከቀዶ ሕክምና ጓንት የትንሿን ጣት ጫፍ ቆርጦ በሽንት ካቴተር ላይ አሰረው፤ ለማሰሪያውም በልጅነቱ ለዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ ይጠቀምበት የነበረውን ቋጠሮ ተጠቀመ። ቱቦው ፊኛው ሳይነፋ የረጋውን ደም አልፎ ይገባል፤ ከዚያ ፊኛው ተነፍቶ ሲሳብ የረጋውን ደም ጠርጎ ያወጣል። ዘዴው በ1963 ታተመ፤ መሠረታዊ ቅርጹ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ የራጅ ሐኪም የነበረው ቻርልስ ዶተር ደግሞ በ1964 ጥር 16 ቀን የ82 ዓመት አሮጊት ቀረቡለት። የእግራቸው ደም ቅዳ ጠቦ ጣቶቻቸው በጋንግሪን ተይዘዋል፤ ሐኪሞች እግራቸው እንዲቆረጥ ቢወስኑም እርሳቸው እምቢ ብለዋል። ዶተር በጠባቡ ስፍራ ሽቦ አሳልፎ፣ በሽቦው ላይ በመጀመሪያ ቀጭን ቀጥሎም ወፍራም የቴፍሎን ቱቦ እየደረበ መንገዱን አሰፋው። እግሩ ሞቀ፤ ቁስሉም ዳነ። አሮጊቷ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሁለቱም እግሮቻቸው ሄዱ። ዶተር መሣሪያዎቹን የሚሠራው ካገኘው ሁሉ ነበር፤ የጊታር ክርና የመኪና ፍጥነት መለኪያ ገመድ ሳይቀር ለሽቦነት ሞክሯል። በ1963 በቺካጎ በተደረገ የራጅ ሐኪሞች ጉባኤ፣ በቤቱ ትርፍ ክፍል ካቴተር መሥራት ከጀመረው ከቢል ኩክ የጋዝ ማቃጠያ ተውሶ ሌሊቱን በሆቴል ክፍሉ ቱቦዎችን ቅርጽ ሲያስይዝ እንዳደረ ይነገራል።

የዶተር ዘዴ ግን ወሰን ነበረው። ጠባቡን ስፍራ ይበልጥ ለማስፋት ይበልጥ ወፍራም ቱቦ ያስፈልጋል፤ ወፍራም ቱቦ ደግሞ በመግቢያው ላይ ሰፊ ቀዳዳ ይተዋል። ቀጭን ሆኖ የሚገባ፣ ከደረሰ በኋላ የሚሰፋ ነገር ያስፈልግ ነበር። መልሱ ፊኛ መሆኑ ግልጽ ቢመስልም፣ እንደ ልጆች ፊኛ የሚለጠጥ ከሆነ አየር የሚሄደው ወደሚቀለው አቅጣጫ ስለሆነ ከጠባቡ ስፍራ ፊትና ኋላ ያብጣል እንጂ ጠባቡን አይገፋም። በዙሪክ የነበረው ጀርመናዊው አንድሬአስ ግሩንትዚግ ከረዳቶቹ ጋር በቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲሞክር ቆይቶ፣ በአንድ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ምክር ፖሊቪኒል ክሎራይድ ወደተባለው ፕላስቲክ ዞረ። ይህ ፕላስቲክ ከተወሰነው ስፋት በላይ አይለጠጥም፤ ስለሆነም ግፊቱ ሁሉ በጠባቡ ስፍራ ላይ ያርፋል።

ግሩንትዚግ በ1974 በእግር ደም ቅዳ፣ በ1977 መስከረም 16 ቀን ደግሞ በአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ቅዳ ላይ ሠራበት። ሕመምተኛው ደረቱ ሳይከፈት ሕመሙ ለቀቀው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይም ደም ቅዳው ክፍት ነበር። ግሩንትዚግ ውጤቱን ሲያቀርብ ከስኬቱ ጋር ያልተሳካለትንም በግልጽ ይዘረዝር እንደነበርና ባልደረቦቹን እየጋበዘ በቀጥታ ሥራውን ያሳይ እንደነበር መጥቀስ ተገቢ ነው። በ1985 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1986፣ በፈረንሳይ ዣክ ፒዌል፣ በስዊዘርላንድ ኡልሪክ ሲግቫርት፣ የተከፈተው ደም ቅዳ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚደግፈውን የብረት ስቴንት በሰው ልብ ደም ቅዳ ውስጥ አኖሩ።

ጥሩ ቱቦ ብቻ አይበቃም

ታሪኩን እስከዚህ ያነበበ ሰው እያንዳንዱ አዲስ ካቴተር ለሕመምተኛው ጥቅም ማስገኘቱ የማይቀር ሊመስለው ይችላል። የስዋንና ጋንዝ ካቴተር ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል። ካቴተሩ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በሰፊው ከተሰራጨ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1996 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ካቴተሩ ከሞት መጨመር ጋር እንደተያያዘ አመለከተ። በ2005 የታተመው በብሪታንያ የተካሄደ የዕጣ ድልድል ጥናት ደግሞ በጽኑ ሕሙማን ላይ ጥቅምም ጉዳትም በግልጽ አላሳየም። ቱቦው የሚለካውን በትክክል ይለካል፤ የጎደለው፣ መለካቱ የሕመምተኛውን ዕጣ መለወጡን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነበር።

በአንጻሩ አንዳች አዲስ ቱቦ ሳይፈለሰፍ ብዙ ሕይወት የተረፈበት ምሳሌም አለ። በሚቺጋን ግዛት 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሳተፉበትና በ2006 የታተመው ሥራ፣ ማዕከላዊ ደም መልስ ካቴተር ሲገባ አምስት ነገሮች እንዲፈጸሙ ብቻ ጠየቀ። እጅ መታጠብ፤ ሙሉ የመከላከያ ልብስና ጨርቅ መጠቀም፤ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፤ ከተቻለ ብሽሽትን መተው፤ የማያስፈልገውን ካቴተር ቶሎ ማውጣት። በካቴተር ምክንያት የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀነሰ፤ ቅናሹም ለ18 ወራት ዘለቀ። ሴልዲንገር በ1953 ያበረከተው ቅደም ተከተል እንደነበረ ሁሉ፣ ይህም ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው ገንዘብ ሳይሆን ዲሲፕሊን ነው።

ለማን ይድረስ?

አራተኛው ጥያቄ ለአገራችን የቀረበ ነው። በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚትራል ቫልቭን ከንፈሮች በጠርዛቸው ያጣብቃል፤ መተላለፊያውም ይጠባል። በሽታው ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ፣ በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ሲጨምር ሳንባዋ ውኃ የሞላባት ወጣት እናት ሆኖ ይገለጣል። ይህን ሕመምተኛ የማያውቅ የኢትዮጵያ ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ይኖራል ማለት ያስቸግራል።

ለዚህ ችግር የተሠራ ካቴተር አለ። ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1982 የተጠቀመበትና በ1984 ያሳተመው ፊኛ በሁለት የላቴክስ ሽፋኖች መካከል መረብ የተደረገበት ነው። ፊኛው በውስጡ ባለ ብረት ቱቦ ተለጥጦ ቀጭን ሆኖ ከብሽሽት ደም መልስ ይገባል፤ ሮስና ኮፕ በ1959 ባሳዩት ዘዴ በልብ ላይኛ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ተበስቶ ወደ ግራ ይሻገራል። መረቡ ፊኛውን በሦስት ደረጃ እንዲነፋ ያስገድደዋል። በመጀመሪያ የፊቱ ክፍል ይነፋና ከቫልቩ በታች ይያዛል፤ ቀጥሎ የኋላው ክፍል ይነፋና ቫልቩን ከላይና ከታች ያቅፈዋል፤ በመጨረሻ ወገቡ ሲነፋ የተጣበቁት ጠርዞች ይላቀቃሉ። ፊኛው በሚመታ ልብ ውስጥ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ለተስማሚ ቫልቭ ውጤቱ ከቀዶ ሕክምና ጋር የሚወዳደር ሲሆን፣ ደረት አይከፈትም፤ የተተከለ ቫልቭ ስለሌለም በእርሱ ምክንያት ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ መውሰድ አያስፈልግም።

ችግሩ ዋጋው ነው። ፊኛው ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ሲሆን፣ በሽታው በብዛት የሚገኘው ደግሞ መግዛት በሚከብዳቸው አገሮች ነው። ፈረንሳዊው አለን ክሪቢዬ ይህን ተመልክቶ በ1990ዎቹ ከፊኛ ይልቅ የብረት ጫፍ ያለው ማስፊያ ሠራ። ጫፉ ተፈትቶ፣ ታጥቦና በእንፋሎት ተቀቅሎ ለሌላ ሕመምተኛ ሊያገለግል እንዲችል ሆኖ ከመነሻው የታሰበ ነበር። የኢኖዌን ፊኛ በስፋት መተካት ባይችልም፣ ዋጋን እንደ አንድ የአሠራር መመዘኛ መቁጠር እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራን ካቴተር አጥቦ ከመድገም ጋር አንድ አይደለም፤ በጠባብ ቦይ ውስጥ የሚቀር ደምን ማስወገድ አስቸጋሪ ነው፤ የፊኛውም ጥንካሬ በየጊዜው ይቀንሳል።

በአገራችን በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል መከፈቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ቀድሞ ወደ ውጭ አገር ከመላክ በቀር ተስፋ ላልነበራቸው ሕፃናት በር ከፍቷል። ሆኖም ክፍልና ባለሙያ ቢኖር እንኳ በመደርደሪያው ላይ ተስማሚ ልክ ያለው ካቴተር ከሌለ ሥራው ይቆማል። እንዲሁም ከካቴተሮች ሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፔኒሲሊን መሆኑን መርሳት አይገባም። የጉሮሮ ሕመሙ በወቅቱ የታከመለት፣ አንዴ የታመመም ከሆነ መከላከያ መርፌውን ሳያቋርጥ የወሰደ ልጅ፣ የኢኖዌ ፊኛ ላያስፈልገው ይችላል።

ማጠቃለያ

ከሄልስ የናስ ቱቦ እስከ ኢኖዌ ፊኛ ያለው ጉዞ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል። ካቴተሩን ወደፊት ያራመዱት በአብዛኛው ከሌላ ሥራ የተበደሩ ቁሳቁሶችና ሕመምተኛውን በቅርብ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ለሽንት የተሠራ ቱቦ፣ የጓንት ጣት፣ የጊታር ክር፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ። ጥያቄያቸው የመነጨው ሊቆም ከተቃረበ ልብ፣ ሊቆረጥ ከተወሰነበት እግር ነበር።

እኛም በየዕለቱ ካኑላ ስንተክል የዚህ ታሪክ ተካፋዮች ነን። ለደማች እናት ሰፊውንና አጭሩን መምረጥ፣ የወጣን መርፌ መልሶ አለመግፋት፣ ሽቦን አለመልቀቅ፣ የማያስፈልገውን ቱቦ በዕለቱ ማውጣት፣ ሁሉም ቀደምቶቻችን ዋጋ ከፍለው ያገኟቸው መልሶች ናቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ፣ ለማን ይድረስ የሚለውን፣ የመመለሱ ኃላፊነት ግን ለመሣሪያ ሠሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ግዢ የሚያቅዱ፣ በጀት የሚመድቡና ሕመምተኛውን በጊዜ የሚልኩ ሁሉ ድርሻ አላቸው።